እጁን በእግዚአብሔር ያጸና ወዳጅ

የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተሰቦች፥ ስለ ወዳጅነት በተነሣ ቁጥር ዳዊትና ዮናታን ይጠቀሳሉ። ትምህርቱ ግን ብዙውን ጊዜ ዮናታን ካባውን፣ ሰይፉን፣ ቀስቱንና መታጠቂያውን አውልቆ ለእረኛው ልጅ በሰጠበት ቦታ ላይ ያበቃል (1ኛ ሳሙ. 18፥4)። ያ ወቅት ጎልያድ የወደቀበትና ሕዝቡ ሁሉ በዳዊት ደስ የተሰኘበት ስለ ነበረ፥ ዳዊትን መውደድ ማንንም አያስከፍልም ነበር። የዮናታን ፍቅር የተፈተነው ነገሩ ከተገለበጠ በኋላ ነው።

የዮናታን አባት ንጉሡ ሳኦል በወር መባቻው ማዕድ ላይ የዳዊት ስፍራ ባዶ መሆኑን አይቶ በልጁ ላይ ሲቆጣ፥ የእሴይ ልጅ በሕይወት እስካለ ድረስ አንተም መንግሥትህም አትጸኑም አለው። ንጉሡ በቅናት ቢታወርም በዚህች ስሌት አልተሳሳተም፤ ዙፋኑ የሚያልፈው ወደ ዳዊት ነበርና። ዮናታን ይህን እያወቀ «ምን አድርጓል? ስለ ምን ይሞታል?» ብሎ ፊት ለፊት ተከራከረ፤ ሳኦልም ጦሩን ወረወረበት። መጽሐፍ እንደሚነግረን ዮናታን በዚያን ቀን እህል ሳይቀምስ ከማዕዱ ተነሣ፤ ያዘነውም አባቱ ዳዊትን ስላዋረደው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልናተኩርበት የሚገባው ግን ምዕራፍ 23 ነው። ዳዊት የቅዒላን ሰዎች ከፍልስጥኤማውያን እጅ አዳናቸው፤ እነርሱ ግን ለሳኦል አሳልፈው እንደሚሰጡት ከእግዚአብሔር ሰማ። ጥቂት ቆይቶም የዚፍ ሰዎች መሸሸጊያውን ለንጉሡ ጠቆሙበት። በእነዚህ ሁለት ክሕደቶች መካከል ዮናታን ተነሥቶ ዳዊት ወደ ተሸሸገበት ጥሻ ሄደ። ዳዊት በዚያን ጊዜ 600 ያህል ሰዎች ይከተሉት ስለ ነበር የጎደለው የሰው ብዛት አልነበረም። ዮናታን ስንቅ ወይም ወታደር ይዞ እንደ ሄደም አልተጻፈም። የተጻፈው እጁን በእግዚአብሔር እንዳጸናለት ነው፤ ይኸውም «አትፍራ፤ የአባቴ እጅ አታገኝህም፤ በእስራኤል ላይ ትነግሣለህ» ሲል፥ ፍርሃት ሊያስረሳው የደረሰውን የእግዚአብሔርን አሳብ መልሶ በማሳሰብ ነው። «እኔም ከአንተ በታች እሆናለሁ» ብሎ መጨመሩ ደግሞ ከአልጋ ወራሽ አፍ የማይጠበቅ ቃል ነው።

እኛስ የተጎዳ ወዳጃችንን ስንጠይቅ ምን እናደርጋለን? ብዙዎቻችን የበደለውን ሰው አብረን እናማለን፤ ቁስሉን እየነካካን ቂሙን እናሳድጋለን፤ እርሱም አዘኑልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና፥ እንዲህ ያለው ማጽናናት ሰውየውን ከጸሎት ያርቀዋል። ዮናታን በጥሻው ውስጥ የአባቱን ክፋት እየዘረዘረ የዳዊትን ቁጣ አላነሣሣም። ዳዊትም ቢሆን «አባትህን ትተህ ከእኔ ጋር ቅር» ብሎ እንዳስጨነቀው አናነብም። ወዳጅን ከወላጁ ጋር በማጣላት ታማኝነቱን ለመለካት የሚሞክር ሰው ይህን ቢያስተውል መልካም ነው። ዮናታን ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በኋላም በጊልቦዓ ተራራ ከአባቱ ጋር በጦርነት ወደቀ። ከአንተ በታች እሆናለሁ ያለውን ቀን አላየም፤ ከወዳጅነቱ ያገኘው ሹመትም ሀብትም የለም። ጌታችን ስለ ወዳጆቹ ነፍሱን አሳልፎ ከሚሰጥ ፍቅር የሚበልጥ እንደሌለ ሲናገር (ዮሐ. 15፥13) እና በመስቀል ሲፈጽመው፥ የዚህ ዓይነቱ ወዳጅነት ምንጩ ከወዴት እንደ ሆነ እናያለን።

ዳዊት ከነገሠ በኋላ ስለ ዮናታን ቸርነት የሚያደርግለት ሰው ፈልጎ፥ እግሮቹ ሽባ የሆኑትን የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን ከሎዶባር አስመጣ፤ የሳኦልን እርሻ መለሰለት፤ ዘወትር ከገበታው እንዲበላም አደረገ። እርግጥ ነው፥ ዳዊት በዚህም ነገር እንከን የለሽ አልነበረም፤ የሳኦል ቤት አገልጋይ የነበረው ሲባ ሜምፊቦስቴን በሐሰት ሲከስሰው ሳያጣራ ርስቱን ሁሉ ለከሳሹ ሰጥቶበት ነበር። ነገር ግን ሳኦል ሊያጠፋቸው የፈለገው ገባዖናውያን ከሳኦል ዘር ሰባት ሰዎች ተሰጥተውን እንግደላቸው ባሉ ጊዜ፥ ንጉሡ በእርሱና በዮናታን መካከል ስለ ነበረው የእግዚአብሔር መሐላ ለሜምፊቦስቴ ራራለት (2ኛ ሳሙ. 21፥7)። ያ መሐላ በተማለበት ጊዜ ዳዊት ስደተኛ፥ ዮናታን የንጉሥ ልጅ ነበሩ።