የሚቀባ ቺዝ ምንድን ነው?

ያለማቀዝቀዣ ለወራት ተቀምጦ የማይበላሽ፣ በቢላ ጫፍ ተነስቶ ዳቦ ላይ እንደ ልብ የሚቀባ ቺዝ ሲያዩ «ይሄማ ፕላስቲክ ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። ፕላስቲክ አይደለም። በደንቡ የተሠራ ከሆነ መነሻው ራሱ ቺዝ ነው፤ ተፈጭቶ፣ ከውሃና ማቅለጫ ጨው ከሚባል ልዩ ዓይነት ጨው ጋር እየተማሰለ ሞቆ፣ በትኩሱ የታሸገ ቺዝ። ከሌላው ቺዝ የሚለየው ያ ጨው ነው። ጥቅሙም የሚታማበትም ነገር የሚመጣው ከእሱ ነው።

መጀመሪያ ጨው የሌለበትን እንይ። ቼዳር የተባለውን ጠንካራ ቺዝ፣ የቆየውን፣ ፈቅፍቀው በመጥበሻ ቢያሞቁት፣ ጥቂት ቆይቶ ዳር ዳሩን ቢጫ ዘይት ያቀራል። መሀሉ ላይ የቀረው ደግሞ ተኮማትሮ፣ ሲስቡት የሚለጠጥ ድብልብል ይሆናል። ይህ የሚሆነው ቺዙ ስለተበላሸ አይደለም። የቺዝ ዋናው ፕሮቲን ኬዚን ይባላል፤ የኬዚን ቅንጣቶች በካልሲየምና በፎስፌት እየተያያዙ መረብ ይሠራሉ፤ ስቡም ውሃውም የሚቀመጠው በዚያ መረብ ውስጥ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ መረቡ ይኮማተራል፣ የያዘውንም ስብ ይለቃል።

አሁን እዚያው መጥበሻ ውስጥ ትንሽ ውሃና ከማቅለጫ ጨዎቹ አንዱ የሆነው ሶዲየም ሲትሬት ይጨመር፤ ለ100 ግራም ቺዝ 2 ወይም 3 ግራም ሲትሬት ይበቃል። ሲትሬቱ ካልሲየሙን ከፕሮቲኑ ነጥቆ ይይዘዋል፤ በቦታው ሶዲየም ይገባል። ሶዲየም ደግሞ አንዱን ቅንጣት ከሌላው ጋር ማያያዝ አይችልም። መረቡ ይፈታና ኬዚኑ ውሃው ውስጥ ይሰራጫል። ኬዚን አንዱ ወገኑ ውሃ፣ ሌላው ወገኑ ስብ ስለሚወድ፣ እስሩ ከተፈታ በኋላ እንደ ሳሙና ይሠራል፦ እያንዳንዱን የስብ ጠብታ ከብቦ ከውሃው ጋር ያስታርቀዋል። ዘይቱ ተመልሶ ይገባል፣ ድብልብሉም ሟሙቶ ልስልስ ይላል። ፋብሪካዎች ከሲትሬት ሌላ የተለያዩ የፎስፌት ጨዎችን ይጠቀማሉ፤ ማሸጊያው ላይ ኢ331፣ ኢ339፣ ኢ450፣ ኢ452 ተብለው የሚጻፉት እነዚህ ናቸው።

ዘዴውን ለገበያ ያበቁት ዋልተር ገርበርና ፍሪትዝ ስቴትለር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1911፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ቱን በምትባል ከተማ፣ ኤሜንታል ቺዝን ከሲትሬት ጋር አሙቀው። ሐሳባቸው ወደ ሞቃት አገሮች ሲላክ መንገድ ላይ የማይበላሽ ቺዝ መሥራት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ክራፍት በ1916 የራሱን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ፤ በቆርቆሮ የታሸገው ቺዙም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ጦር ስንቅ ሆነ። በ1921 ደግሞ ፈረንሳዊው ሊዮን ቤል ላ ቫሽ ኪ ሪ የሚለውን የንግድ ምልክት አስመዘገበ፤ በክብ ካርቶን የምትሸጠው፣ የጆሮ ጌጥ ያደረገችው ሳቂታዋ ቀይ ላም ናት።

ፋብሪካ ውስጥ ዋናው ጥበብ ምርጫው ላይ ነው። ወጣት ቺዝ ፕሮቲኑ ገና ስላልተሰባበረ ለድብልቁ አካል ይሰጠዋል፤ የቆየው ጣዕም ይሰጠዋል፤ ሠራተኛው ሁለቱን ያመጣጥናል። ቅርጹ የተበላሸ፣ የተሰነጠቀ፣ ሲቆረጥ የተረፈ፣ ለመብል ምንም የማይለው ነገር ግን ሙሉውን ለመሸጥ የማያምር ቺዝም ማረፊያው እዚህ ነው። አንዳንዱ ይህን እንደ ነውር ያነሳዋል፤ እኔ ግን ምግብ ከመድፋት የተሻለ ሆኖ ነው የማየው። የተበላሸ ቺዝ ግን እዚህም አይድንም። ክሎስትሪዲየም የተባሉት ባክቴሪያዎች ዘር (ስፖር) በተለመደው የማብሰያ ሙቀት ስለማይሞት፣ ምርቱን የሚጠብቀው የጨዉ፣ የአሲዱና የውሃው መጠን አንድ ላይ ነው።

የተፈጨው ቺዝ ከቅቤ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከውሃና ከጨዉ ጋር ተዘግቶ በሚበስል ማሽን ውስጥ ይገባል፤ በእንፋሎት እየሞቀ፣ በ80 እና በ95 ዲግሪ መካከል ለጥቂት ደቂቃ ይማሰላል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው ዓይን የሚፈልገው። ድብልቁ መጀመሪያ ቀጭን ነው፤ ማማሰሉ ሲቀጥል ፕሮቲኑ አዲስ መረብ መሥራት ይጀምርና እየወፈረ ይሄዳል። ቀደም ብሎ ከተሠራ ቺዝ ጥቂት ቢጨመርበት ቶሎ ይወፍራል። ካለፈበት ግን ይሻክርና የማይቀባ ይሆናል፤ ስለዚህ ልኩ ላይ ሲደርስ ወዲያው በትኩሱ ወደ ፎይል፣ ብርጭቆ ወይም ቱቦ ይሞላል። የሚቀባው ለስላሳ ሆኖ እንዲቀር በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ የሚቆረጠው ብሎክ ግን እንዲጠነክር ቀስ እያለ ነው የሚቀዘቅዘው።

የገንዘቡ ነገር ውሃው ላይ ነው። የአሜሪካ ደንብ በቼዳር ውስጥ ከ39 በመቶ በላይ ውሃ አይፈቅድም፤ ለሚቀባው ቺዝ ግን ከ44 በመቶ በላይ እስከ 60 በመቶ ይፈቅዳል። ስቡ ከ20 በመቶ እንዳያንስ፣ ቺዙም ከጠቅላላው ቢያንስ 51 በመቶ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ገዢው ከሚገዛው ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ ያን ውሃ ሳይለይ አቅፎ የሚይዘው ደግሞ ያው ጨው ነው። ደንቡን ያላሟላ ምርት የሚቀባ ቺዝ ተብሎ መሸጥ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለክራፍት ኩባንያ ማስጠንቀቂያ የላከው ለዚህ ነው፤ ቬልቪታ የተባለው ምርቱ በደንቡ ያልተፈቀደ፣ ከወተት ተጣርቶ የተጠናከረ ፕሮቲን ይዞ «ስፕሬድ» (የሚቀባ) ተብሎ ይሸጥ ነበር። ስሙ «ቺዝ ፕሮዳክት» ወደሚል ተለወጠ፤ ለዚያ አጠራር የተወሰነ ደንብ የለም።

ከዚያ የባሰም አለ። የቅቤው ቦታ በፓልም ዘይት፣ የቺዙ ቦታ በስታርችና በወተት ዱቄት ሲተካ ምርቱ ይረክሳል፤ ዕቃው፣ ክዳኑና ሥዕሉ ግን ያው ነው። የሚያጋልጠው ከጀርባው በደቃቁ የተጻፈው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ስለሆነ፣ ውሃና የአትክልት ዘይት ቀድመው ቺዙ ወደ ኋላ ከቀረ የሚገዙት በአመዛኙ ጣዕም የተሰጠው ዘይት ነው።

ለጤና የሚነሳው ዋናው ጉዳይ ሶዲየም ነው። ቺዙ ራሱ ጨው አለበት፤ ማቅለጫው ጨው ሌላ ሶዲየም ይጨምርበታል፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው መጠኑን ቢያይ አይከፋም። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ደግሞ የተጨመረ ፎስፌት በቀላሉ ወደ ደም ስለሚገባ እንዲጠነቀቁ ይመከራሉ።

ከማቀዝቀዣ ውጭ መቆየቱ የሚሠራው እሽጉ እስኪከፈት ብቻ ነው። ከተከፈተ በኋላ በንጹሕ ማንኪያ እየተወሰደ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በመልክ የሚመሳሰለው ክሬም ቺዝ ግን የሌላ ቤተሰብ ነው፤ ወተትና ክሬም በባክቴሪያ ረግቶ የሚሠራ፣ ማቅለጫ ጨው የማይገባበት፣ ሳይቆይ የሚበላ ቺዝ ስለሆነ፣ ሳይከፈትም ቢሆን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል።