የማውረጃ መዝገብ ምንድን ነው?

ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለው ቤታችን፣ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጀርባ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ተቀምጣለች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ እናቴ የምትከታተላቸውን አራት የዩቲዩብ ቻናሎች አንድ በአንድ ትጎበኛለች። አዲስ የተጫነ ካለ አውርዳ በየፎልደሩ ታስቀምጣለች። እናቴ ጠዋት ቡና ስታፈላ ቴሌቪዥኑን ትከፍትና ሌሊት የገባውን መንዙማ ታገኘዋለች። በዚያ ሰዓት ኔትወርክ ይኑር አይኑር እሷን አያሳስባትም፤ ቪዲዮው ቤት ውስጥ ነው።

ይህን ያየ ሁሉ የሚጠይቀኝ «በምን ፕሮግራም ነው የምታወርዱት?» ብሎ ነው። ፕሮግራሙን መንገር ቀላል ነው፤ ዋይቲ-ዲኤልፒ ይባላል፣ በነፃ ይገኛል። እኔ ግን ጠያቂው ሁሉ ሳያነሳው ስለሚያልፈው ነገር ልጽፍ ፈለግሁ። ሥራውን በእውነት ራሱን የቻለ የሚያደርገው አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። እሱም የማውረጃ መዝገብ ነው።

መዝገቡን ከፍቶ ለሚያየው ሰው የሚያስደንቅ ነገር የለውም። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት ነገር ብቻ ተጽፏል፦ ቪዲዮው የመጣበት ድረ ገጽ ስምና የቪዲዮው መለያ። ዩቲዩብ ለእያንዳንዱ ቪዲዮ 11 የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና አንዳንዴም ሰረዞች የተቀላቀሉበት መለያ ይሰጣል፤ በአድራሻው መጨረሻ ላይ የምናየው ዝብርቅርቅ ጽሑፍ ያ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ቪዲዮ አውርዶ ሲጨርስ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ይጨምራል። በማግስቱ ቻናሉን ሲጎበኝ እያንዳንዱን መለያ ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል፤ ከተጻፈ ያልፈዋል፣ ካልተጻፈ ያወርደዋል።

የእድር ጸሐፊ በየወሩ አባላቱን እንደ አዲስ አይመዘግብም። መዝገቡን ገልጦ ማን እንደከፈለ ያያል፣ ያልከፈለውን ብቻ ይጠራል። የማውረጃ መዝገብም እንዲሁ ነው።

«ፋይሉ ፎልደሩ ውስጥ መኖሩን ማየት አይበቃም?» የሚል ይኖራል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር ያሰብኩት። እርግጥ ነው፣ ፕሮግራሙ መዝገብ ባይኖረውም ፎልደሩን ያያል፤ በዚያው ስም የተቀመጠ ፋይል ካገኘ ደግሞ አያወርድም። ለሁለት ወር ያህል በዚህ ሠራሁ፣ ችግር አልገጠመኝም። ከዚያ ዲስኩ ሞላና የቆዩትን ቪዲዮዎች ወደ ሌላ ዲስክ አዛወርኩ። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ያዛወርኳቸው ሁሉ እንደገና እየወረዱ ነበር፤ ለወሩ የገዛሁት የኢንተርኔት ጥቅልም ተሟጥጧል። ፕሮግራሙ ፎልደሩን አይቶ ባዶ አገኘው፣ ስለዚህ የሌለውን ሁሉ አመጣ። የተነገረውን ነው የፈጸመው፤ ማስታወሻ ያልሰጠሁት እኔ ነኝ።

የስም ነገርም አለ። ቪዲዮ የሚጭኑ ሰዎች ርዕስ መቀየር ይወዳሉ፤ ዛሬ «አዲስ» የሚል ይጨምራሉ፣ ነገ ዓመተ ምሕረቱን። ርዕሱ ሲቀየር የፋይሉ ስም ስለሚቀየር ፎልደሩን ብቻ የሚያይ ፕሮግራም አንዱን መንዙማ ሦስት ጊዜ ያወርደዋል። መለያው ግን ቪዲዮው እስካለ ድረስ አይቀየርም። መዝገቡ የሚታመነውም በዚህ ነው።

ስለ አውራጁ ጥቂት ልበል። ዋይቲ-ዲኤልፒ እ.ኤ.አ. በ2006 ከተጀመረው ዩቲዩብ-ዲኤል ከሚባለው ፕሮግራም የተወለደ ነው፤ አሁን በያዘው ስም መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ዩቲዩብ ጥራታቸው ከፍ ያሉትን ቪዲዮዎች ምስሉንና ድምፁን ለየብቻ ነው የሚልከው። ስለዚህ ሁለቱን የሚያጋጥም ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባል ሌላ ፕሮግራም አብሮ መጫን አለበት። መዝገቡ ላይ መስመሩ የሚጻፈው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። መብራት በሚመላለስበት አገር ለምንኖር ሰዎች ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ነው። ቪዲዮው ተጋምሶ መብራት ቢጠፋ መስመሩ አልተጻፈምና በሚቀጥለው ሌሊት ፕሮግራሙ ይመለስበታል፤ ያውም ብዙውን ጊዜ ካቆመበት ቀጥሎ ነው እንጂ ከዜሮ አይጀምርም።

አውራጁ በራሱ ሰዓት አያውቅም። የሚቀሰቅሰው ያስፈልገዋል፤ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ይህን የሚሠራው ክሮን የሚባል ፕሮግራም ነው፣ በዊንዶውስ ላይ ደግሞ የሥራ መርሐ ግብር ማውጫ አብሮ ይመጣል። ክሮን ላይ አምስት ቦታ ይሞላል፦ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን። እኛን የሚያሳስተን ሁለተኛው ነው። እናቴ «ከሌሊቱ 8» ስትል እኔም 8 ብዬ ሞላሁ። ኮምፒውተር ቀኑን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሆነ የእሱ 8 የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ የሚሆንበት፣ ጥቅሉም ውድ የሆነበት ሰዓት። የሌሊት 8ን የሚፈልግ ሰው 2 ብሎ መጻፍ አለበት። በዚህም አያበቃም። ኮምፒውተሩ የሚከተለው የአዲስ አበባን ሰዓት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉን መነሻ ሰዓት ይዞ ከሆነ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፣ ማውረዱም ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ላይ ይጀምራል። የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ለሚያወርድ ሰው ይህ ስሕተት ገንዘብ ነው።

ክሮን ያመለጠውን ሥራ አያካክስም። መብራት ከሌሊቱ 7 ጠፍቶ ንጋት 12 ላይ ቢመጣ የዚያ ሌሊት ማውረድ ቀረ ማለት ነው። ያመለጠ ሥራ ካለ ኮምፒውተሩ እንደተነሳ እንዲሠራ የሚያደርግ አናክሮን የሚባል አለ፤ እኔ ወደዚያ ተሻግሬአለሁ። እንደኔ ራስበሪ ፓይ የምትባለውን መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር የምትጠቀሙ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ከአምስተኛው ትውልድ በፊት የተሠሩት የራሳቸው የሰዓት ባትሪ ቦታ የላቸውም። ከጠፉ በኋላ ሲነሱ ትክክለኛውን ሰዓት የሚያገኙት ከኢንተርኔት ነው፣ ኔትወርክ እስኪመጣ ድረስ ሰዓታቸው የተዛባ ነው።

የወረደውን በቴሌቪዥን የሚያሳየን ጄሊፊን ነው። እሱም ነፃ ነው፤ በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ስለሚሠራ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ስለ እሱ ብዙ አልልም፣ ተጭኖ ፎልደሩ ከተጠቆመለት የቀረውን ራሱ ይሠራዋል። የኛን ፊደል በተመለከተ ግን ሁለት ነገር ማለት አለብኝ፤ በውጭ ቋንቋ የተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ አላገኘኋቸውምና።

አንደኛው የስም ርዝመት ነው። በሊኑክስ ዲስክ ላይ የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት ማለፍ አይችልም። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይፈጃል፤ የግዕዝ ፊደል ግን ሦስት። 255ን ለ3 ስናካፍል 85 ፊደል ይሆናል። የአማርኛ ቪዲዮ ርዕስ ደግሞ እንደምታውቁት የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ስም፣ «አዲስ የወሎ ባህላዊ ሙዚቃ» የሚለውንና ዓመቱን አስከትሎ ነው የሚመጣው። 85 ፊደል ቶሎ ያልቃል፣ ፕሮግራሙም «ስሙ ረዘመ» ብሎ ቪዲዮውን ሳያወርድ ያልፋል። እኔ ይህን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ የሚቀሩት ቪዲዮዎች ምን እንደሚያመሳስላቸው ጠፍቶብኝ ነበር። መፍትሔው ርዕሱ ወደ 60 ፊደል እንዲቆረጥና መለያው መጨረሻ ላይ እንዲቀር ማዘዝ ነው።

ሁለተኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። አንዱ ቻናል «ሐይቅ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ሀይቅ»፣ ሌላው «ኃይቅ»። ለኮምፒውተሩ ሦስቱም የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን ስትፈልጉ ሌላውን አያሳያችሁም። ስለዚህ በፍለጋ አልተማመንኩም። ፎልደሮቹን በእጄ ከፋፍዬአለሁ፦ መንዙማ ለብቻ፣ የሠርግ ዘፈን ለብቻ፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬም በየቅኝታቸው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የኛው አገር ስም ናቸው። ባቲ የሰኞ ገበያዋን፣ አምባሰል ተራራውን ታስታውሰናለች፤ እነዚህን ዜማዎች ቤት ውስጥ ማኖር ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ለምን እንደምደክምበት የሚጠይቁኝ አሉ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ስልክም ኢንተርኔትም ጠፍቶ ነበር። በ2016 ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የሚያደምጠው ቀድሞ ያስቀመጠውን ብቻ ነው። ከኢንተርኔት ላይ ያየነው ሁሉ የኛ ይመስለናል፤ ቻናሉ ሲዘጋ ወይም መስመሩ ሲቋረጥ ግን በእጃችን አንድም እንዳልነበረ እናያለን።

ሕጉንም መሸፈን አልፈልግም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ ለሕዝብ የቀረበን ሥራ ለግል መጠቀሚያው ብቻ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል። የዩቲዩብ የአገልግሎት ውል ግን ያለ ፈቃድ ማውረድን ይከለክላል፤ ይህን አውቆ መግባት ያስፈልጋል። ከቤታችን ዲስክ ላይ ለማንም በፍላሽ ገልብጬ አልሰጥም፣ መሸጥማ የማይታሰብ ነው። ዘፋኙና አዝማሪው ከሚታዩበት ነው የሚበሉት። ኔትወርክ ሲኖር ቻናላቸው ላይ ገብተን እናያለን፣ እናቴም ይህን ታውቃለች። ከዚህ ሌላ ድረ ገጹን ማጨናነቅ ተገቢ አይደለምና በሁለት ቪዲዮ መካከል አንድ ደቂቃ ያህል እንዲያርፍ አዝዤዋለሁ፤ ያለ ዕረፍት የሚያወርድን ሰው ድረ ገጹ ራሱ ሊዘጋበት ይችላል።

መዝገቡ በጣም ትንሽ ነው። አንድ የዩቲዩብ መስመር 20 ባይት ብቻ ይይዛል፤ 1000 ቪዲዮ ቢመዘገብ 20 ኪሎባይት መሆኑ ነው። በአንጻሩ በሰኮንድ 2 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት 900 ሜጋባይት ይወስዳል። ስለዚህ መዝገቡን በየሳምንቱ ወደ ስልኬ እገለብጠዋለሁ። ዲስኩ ቢበላሽ የነበረኝን በሙሉ ከመዝገቡ አውቃለሁ።

መዝገብ ግን የተጻፈበትን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ፋይሉ በእርግጥ ዲስኩ ላይ መኖሩን አያይም። ባለፈው ወር ቦታ ለማስለቀቅ አንዳንድ የታዩ ቪዲዮዎችን ሰረዝኩ። ከሦስት ቀን በኋላ እናቴ «ልጄ፣ ያ የባቲው ዘፈን የት ሄደ?» አለችኝ። ሰርዤዋለሁ። ፕሮግራሙም ተመልሶ አያወርደውም፤ መዝገቡ «አለ» ይለዋልና። «አብሽሪ፣ ይመጣል» አልኳትና መዝገቡን ከፈትኩ፤ ከስልኬ ታሪክ የቪዲዮውን አድራሻ አገኘሁ፣ በ11ዱ ፊደላት መስመሩን ፈለግሁ፣ እሷን መስመር ብቻ አጥፍቼ አስቀመጥኩ። በማግስቱ ቡናው ሲፈላ ዘፈኑ ከነበረበት ፎልደር ውስጥ ነበር፣ መዝገቡም ላይ መስመሩ ከሁሉም በታች እንደገና ተጽፎ ነበር።