የስኮትላንድ ጥንታዊ ከተሞች፦ ሁለት ሆኖ ለሚጎበኝ አጠቃላይ ዳሰሳ

ስለ ስኮትላንድ ከተሞች በአማርኛ ተጽፎ የሚገኘው ጥቂት ነው። ያለውም ወይ የእግር ኳስ ወሬ ነው፣ ወይ ከመቅደላ ስለተዘረፈ ቅርስ የሚያወራ ነው። ይህ ዳሰሳ የተሰናዳው ከተሞቹን ሁለት ሆነው፣ በእግራቸው፣ ሳይጣደፉ ማየት ለሚፈልጉ ነው። ጸሐፊው የሚኖረው ኤድንብራ ስለሆነ ሚዛኑ ወደዚያ ማጋደሉ አይቀርም። የግላስጎ ሰዎች ቅር አይበላችሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተሞቹ ለባልና ሚስት ወይም ለእጮኛሞች የሚመቹት መጀመሪያ ነገር ትንንሽ ስለሆኑ ነው። የአብዛኞቹ አሮጌ ሰፈር ከቁርስ እስከ ምሳ በእግር ያልቃል። ባቡሩም ቀላል ነው፤ ከኤድንብራ ስተርሊንግ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሌላው ምክንያት ግን ብዙ አስጎብኚዎች የሚያልፉት ነው። እሱም ከበሮቹ በላይ ተቀርጾ የሚገኘው ነገር ነው።

በጉበን ላይ የተጻፈ ጋብቻ

በተለይ በ1600ዎቹና በ1700ዎቹ፣ አቅም ያላቸው ባልና ሚስት ቤት ሲያሠሩ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደላትና ዓመቱን በበሩ ጉበን ላይ ያስቀርጹ ነበር። አንዳንዴ መሐል ላይ ልብ ይገባል፤ አንዳንዴም የባልየው ሙያ መሣሪያ። የተቀረጸው ዓመት የሠርጉ ነው ወይስ ቤቱ የተሠራበት? እንደየቤቱ ይለያያል።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን የሚስትየዋ ፊደል ነው። የሚጻፈው የባሏ ቤተሰብ ስም ሳይሆን ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው ስም ነው። በድሮዋ ስኮትላንድ ሴት በማግባቷ ስሟን አትለውጥም ነበር። ይህን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ሆቴል ሲገባ «የእርስዎና የባለቤትዎ ስም ለምን ተለያየ?» ተብሎ የሚያውቅ ሰው ግን እነዚህን ድንጋዮች ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ከታወቁት አንዱ ኤድንብራ ውስጥ፣ በሃይ ስትሪት ላይ ይገኛል። ቤቱ የጆን ኖክስ ቤት ይባላል። ኖክስ የስኮትላንድ ፕሮቴስታንቶች ትልቁ ሰባኪ ነበር። እዚያ ቤት ኖሯል ወይ የሚለው ያከራክራል፤ ቤቱ ከመፍረስ የዳነው ግን በስሙ ምክንያት ነው። ግድግዳው ላይ ያሉት ፊደላት የእሱ አይደሉም። «አይ ኤም» እና «ኤም ኤ» ይላሉ፤ ጄምስ ሞስማንና ማሪዮታ አሬስ ማለት ነው። «ጄ» ያኔ ራሱን የቻለ ፊደል ስላልነበረ ጄምስ በ«አይ» ተጻፈ። ሞስማን ወርቅ አንጥረኛ ነበር። አባቱ ጆን በ1540 ዛሬ በቤተ መንግሥቱ አምባ (ኤድንብራ ካስል) የሚታየውን የስኮትላንድ ዘውድ እንደገና የሠራ ሰው ነው። ልጁ ግን ለስኮትላንድ ንግሥት ለሜሪ ታምኖ አምባው ውስጥ ሲዋጋ ተያዘና በ1573 ተሰቀለ። ፊደላቱ እስካሁን አሉ።

ኤድንብራ

የከተማዋ አሮጌና አዲስ ሰፈሮች በአንድ ላይ ከ1995 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። «አዲሱ» የተባለው ሰፈር በ1767 በጄምስ ክሬግ ፕላን የተጀመረ ስለሆነ፣ አዲስነቱ እንግዲህ እንደዚህ ነው።

አምባው የተቀመጠው ከ350 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ አለት ላይ ነው። እዚያ ካሉት ሁሉ አሮጌው የቅድስት ማርጋሬት ጸሎት ቤት ነው፤ በ1130 ገደማ ንጉሥ ዴቪድ ለእናቱ መታሰቢያ አሠራው። በጣም ጠባብ ነው፤ ሃያ ምናምን ሰው ከገባ ይሞላል። ዛሬም ሠርግ ይፈጸምበታል። ዘመድ ሁሉ ካልተጠራ ለሚቀየም ቤተሰብ ግን አይሆንም።

ከ1861 ጀምሮ ከእሑድ፣ ከስቅለትና ከገና በስተቀር በየቀኑ መድፍ ይተኮሳል። «የአንድ ሰዓት መድፍ» ይሉታል፤ በእኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት ላይ ነው። ድሮ ወደብ ላይ ያሉ መርከበኞች ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉበት ነበር። እኩለ ቀን ላይ ያልሆነው አሥራ ሁለት ጊዜ ከመተኮስ አንዴ መተኮስ ስለሚረክስ ነው ብለው ራሳቸው ይቀልዳሉ። ከመድፉ አጠገብ የቆመ ሰው ሳያስበው የጓደኛውን ክንድ ጭምድድ ያደርጋል።

የቤተ መንግሥቱ በር ላይ ሌላ የጋብቻ ጽሑፍ አለ። የሜሪና የባሏ የሄንሪ ዳርንሊ ፊደላት በወርቅ ቀለም ተጠላልፈው፣ ከሥራቸው 1566 ተጽፏል። ያ ዓመት ልጃቸው ጄምስ እዚያው አምባ ውስጥ የተወለደበት ነው። ፊደላቱን ብቻ ያየ ሰው የፍቅር ቤት ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። በዚያው ዓመት ማርች 9 ማታ፣ ቁልቁል ባለው የሆሊሩድ ቤተ መንግሥት፣ ነፍሰ ጡሯ ሜሪ እራት ላይ ሳለች ዳርንሊና ግብረ አበሮቹ ገቡ። ጣሊያናዊ ጸሐፊዋን ዴቪድ ሪዚዮን ከአጠገቧ ጎትተው አውጥተው ከ50 ጊዜ በላይ ወጉት። እራት የበሉባት ክፍል እስካሁን ትታያለች፤ ጓዳ ነው የምታክለው። ወለሉ ላይ ደሙ ነው እየተባለ የሚታይ ነገርም አለ። ደም ይሁን ቀለም እግዜር ይወቀው። ዳርንሊ ራሱ ዓመት ሳይሞላው፣ በፌብሩዋሪ 1567፣ ተገድሎ ተገኘ። ሜሪ እጇ አለበት ወይ? ይህን ጥያቄ ኤድንብራ ውስጥ ሲጠይቁ መቀመጫ ይዘው ይሁን።

አምባውንና ሆሊሩድን የሚያገናኘው ሮያል ማይል ነው። ከግራና ከቀኙ «ክሎዝ» የሚባሉ ጠባብ መተላለፊያዎች ይወጣሉ። ጥንዶች የሚያገኙት ጸጥታ እዚያ ውስጥ ነው። ዋናው መንገድ በኦገስት፣ በ1947 የተጀመሩት ፌስቲቫሎች ሲመጡ፣ መርካቶ ነው።

የግሬይፍራይርስ ውሻ ሐውልት ጋ ሁሌ ሰልፍ አለ። ቦቢ የተባለው ውሻ በ1858 የሞተ ጌታውን መቃብር 14 ዓመት ጠበቀ ይባላል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ታሪኩ ተጋንኗል፣ እንዲያውም ውሻው አንድ ላይሆን ይችላል ይላሉ። የከተማው ሰው ይህን መስማት አይወድም፤ እኛም አንገፋበትም።

ለፀሐይ መግቢያ ካልተን ሂል የሚወዳደረው የለም። አናቱ ላይ አሥራ ሁለት የግሪክ ዓይነት ዓምዶች ቆመዋል። በ1829 ገንዘብ አልቆ የቀረ የጦር ሰማዕታት መታሰቢያ ነው። ቀድሞ «የኤድንብራ ውርደት» ይባል ነበር፤ አሁን የሙሽሮች ፎቶ መነሻ ሆኗል።

ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ሳይሳለመው የማያልፈው አንድ ቤተ ክርስቲያንም አለ። በፕሪንስስ ስትሪት ምዕራብ ጫፍ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት ቁም ሣጥን ውስጥ ለብዙ ዘመን ተረስቶ ኖረ። በ2001 ኢትዮጵያን የሚያውቅ አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ምንነቱን ለየው። ምእመናኑ አልተከራከሩም፤ መለሱት። ታቦቱ በ2002 አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ትላልቆቹ ሙዚየሞች «ሕጉ አይፈቅድም» በሚሉበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስተርሊንግ

አምባዋ ከኤድንብራው ያላነሰ ነው፤ ሰልፉ ግን ያንሳል። ዊልያም ዋላስ በ1297 እንግሊዞችን ድልድዩ ላይ አሸነፈ፤ ሮበርት ብሩስ በ1314 ባኖክበርን ላይ ደገማቸው። የዋላስ መታሰቢያ ማማ 67 ሜትር ሲሆን 246 ደረጃዎች አሉት። ጠመዝማዛው ደረጃ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም፤ ማን ይቅደም የሚለውን ታች መጨረስ ነው። ሜሪ ገና የዘጠኝ ወር ሕፃን ሳለች ዘውድ የጫነችው በዚህ አምባ ነው። የልጇ ክርስትናም እዚሁ ተደገሰ። አባትየው ዳርንሊ ግቢው ውስጥ እያለ ከሥነ ሥርዓቱ ቀረ።

ላርበርት

የጉዞ ወኪሎች ዝርዝር ውስጥ ላርበርት የለችም። ከኤድንብራ ወደ ስተርሊንግ የሚሄደው ባቡር ግን ይቆምባታል። ለእኛ ትልቅ ቦታ ናት፤ ጀምስ ብሩስ የተቀበረው እዚያ ነው።

ብሩስ በ1730 በአቅራቢያው ኪኔርድ ተወለደ። በ1770 ጎንደር ገባ። በራሱ መጽሐፍ እንደሚለው እዚያ ያጉቤ እያሉ ይጠሩት ነበር። ከእቴጌ ምንትዋብ ቤተሰብ ጋር፣ በተለይም ከወይዘሮ አስቴር ጋር፣ ተቀራረበ። በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ «ምንጩን ያገኘሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ነኝ» አለ። አልነበረም። ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት እዚያው ቆሞ ነበር። የሰከላ ሰው ደግሞ ማንንም ሳይጠብቅ ያውቀዋል። አብሮት የነበረውና ጎንደር የሞተው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚገባውን ምስጋና አለማግኘቱም አይካድም። ያም ሆኖ ብሩስ የመጽሐፈ ሄኖክን የግዕዝ ቅጂዎች ይዞ ባይመለስ፣ አውሮፓ ያንን መጽሐፍ በሙሉ ለማየት ምን ያህል እንደምትቆይ መገመት ያቅታል።

አገሩ ሲመለስ ለንደን አላመነችውም። ስለ ጥሬ ሥጋ የተናገረው ሳቅ ሆነ። ተቀይሞ ወደ ኪኔርድ ገባ፤ በ1776 ሜሪ ዳንዳስን አገባ። የመጀመሪያ ሚስቱ ከብዙ ዓመት በፊት በተጋቡ በወራት ውስጥ ሞታበት ነበር። ሜሪም በ1785 ሞተች። ባለ 5 ቅጹን መጽሐፉን ያሳተመው ከዚያ በኋላ፣ በ1790 ነው። በ1794 አንድ ምሽት እንግዳ የነበረችን ሴት እስከ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲሮጥ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። ዓባይን ወርዶ ወጥቶ የቤቱ ደረጃ ጣለው።

ሐውልቱ በላርበርት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይገኛል። ድንጋይ አይደለም፤ ብረት ነው። በሰፈሩ የነበረው ካሮን የተባለ የብረት ፋብሪካ በቅልጥ አፍስሶ ሠራው። መጀመሪያ የቆመው ለሜሪ ነበር፤ በኋላ እሱም ከእሷ ጋር ተጻፈበት። እኔና ባለቤቴ የሄድን ዕለት ካፊያ ነበር። እጃችንን ስናሳርፍበት ብረቱ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

ሴንት አንድሩስ፣ ኩሮስ፣ ግሬትና

ሴንት አንድሩስ የሐዋርያው እንድርያስ ከተማ ናት። አፅሙ በመርከብ እዚህ መጣ የሚል ትውፊት አላቸው። ስኮትላንድ ኖቬምበር 30 ታከብረዋለች፤ የእኛ ታኅሣሥ 4 ነው። በ1318 የተባረከው ካቴድራል የአገሪቱ ትልቁ ነበር፤ ዛሬ ሰማይ ነው ጣራው። ዩኒቨርሲቲው በ1413 ጸና። ልዑል ዊልያምና ኬት የተገናኙት እዚህ ተማሪ ሆነው ነው። መንገዱ ላይ «ፒ ኤች» የሚሉ ፊደላት በድንጋይ ተነጥፈዋል። በ1528 እዚያ ቦታ በእሳት የተቃጠለው የፕሮቴስታንቱ ሰባኪ የፓትሪክ ሃሚልተን ናቸው። ተማሪ ከረገጣቸው ፈተና ይወድቃል ይባላል፤ ማርከሻው ሜይ 1 ሲነጋ ባሕር ውስጥ መዘፈቅ ነው። በሜይ የሰሜን ባሕር ውስጥ ከመዘፈቅ መውደቅ ሳይሻል አይቀርም።

ኩሮስ ደግሞ ትንሽ መንደር ናት። ቢጫው «ቤተ መንግሥት» የንጉሥ ቤት አልነበረም። ከባሕር ሥር ድንጋይ ከሰል ያስቆፍር የነበረው የጆርጅ ብሩስ ቤት ነው፤ ፊደሎቹና 1597 ተቀርጸውበታል። በ1932 ቤቱ በ700 ፓውንድ ብቻ ተሸጦ ለቅርስ ተጠበቀ። መንደሯ በሌላም ነገር ትታወቅ ነበር፤ የብረት ምጣድ ትሠራ ነበር፣ ያውም በንጉሥ ፈቃድ ብቸኛዋ ሆና። የመንገዱ መካከል ከፍ ብሎ የተነጠፈው ባለጸጎች ጭቃ ሳይነካቸው እንዲያልፉ ነው። ለሁለት ሰው አይበቃም።

ግሬትና ግሪን ድንበር ላይ ነች። እንግሊዝ ከ1754 ጀምሮ ከ21 ዓመት በታች ያሉት ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይጋቡ ከለከለች። ስኮትላንድ ግን ወንድን በ14፣ ሴትን በ12 ታጋባ ነበር፤ ሁለት ምስክር ከተገኘ ይበቃል። ለመጋባት ከቤት የጠፉ ልጆች ሌሊቱን እየጋለቡ ይመጡና ቀጥቃጩ መስፉን መትቶ ያጋባቸዋል። ይህ ዓይነቱ ጋብቻ በ1940 ተሻረ። አሁን ወረቀቱ ቢያንስ 29 ቀን አስቀድሞ መግባት አለበት፤ አባት የሚሯሯጥበት ምክንያት የለም።

ግላስጎ ካቴድራልና ከኮረብታ ላይ ቁልቁል የሚያይ ድንቅ መካነ መቃብር አላት።

ወቅትና ክፍያ

በጁን ፀሐይ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አትጠልቅም፤ በዲሴምበር 10 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። የኤድንብራን አምባ ቲኬት አስቀድሞ በኢንተርኔት መግዛት ያዋጣል። ከጁላይ 24፣ 2026 ጀምሮ ከተማዋ ከመኝታ ዋጋ ላይ 5 በመቶ የጎብኚ ክፍያ ታስከፍላለች፤ ከ5 ተከታታይ ሌሊት በላይ ግን አይታሰብም። ጃንጥላ አይግዙ፤ ነፋሱ ይገለብጠዋል። ኮፍያ ያለው ጃኬት ይሻላል።

የጉበን ጽሑፍ ለማየት እነ ዲሴምበር ያሉበት የብርድ ወራት ይመረጣል። ፀሐይ ዝቅ ብላ በጎን ስትመታ የተፋቀው ፊደል ጥላ ያወጣል። ደመና ከሆነ አንዱ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ሌላው የስልኩን መብራት ከድንጋዩ ጎን ያስጠጋል። ብቻውን የሄደ ሰው ይህን ማድረግ ይቸግረዋል።