የሥራ ሕግ በድሬዳዋ፦ ቅጥር፣ ትርፍ ሰዓትና ይርጋ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰ ወዲህ በደመወዝ ማደር የከተማዋ ኑሮ ነው። ዛሬ ሠራተኛው በሲሚንቶና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች፣ በደረቅ ወደቡ፣ በ2014 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ነፃ የንግድ ቀጠና እና በቀፊራና በታይዋን ገበያ ጭነት ላይ ይገኛል። የሚዳኙበት ሕግ አንድ ነው፦ አዋጅ ቁጥር 377/96ን የሻረው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። «ፓርክ ውስጥ የራሱ ሕግ አለ» የሚባለው ልክ አይደለም፤ የቀድሞው የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ ራሱ የአገሪቱ የሥራ ሕግ በፓርኮች ተፈጻሚ እንደሆነ ይደነግግ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞችና የሥራ መሪዎች ግን ከአዋጁ ውጭ ናቸው።

ለጅቡቲ መስመር ሠራተኞች አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። የኢጋድ አባል አገሮች የጋራ የሥራ ሕግ የላቸውም። ኢትዮጵያና ጅቡቲ ስለ መደራጀት ነፃነትና ስለ ኅብረት ድርድር የሚናገሩትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 ሁለቱም አጽድቀዋል፤ ደመወዙን፣ ሰዓቱንና ስንብቱን ግን እያንዳንዳቸው በየሕጋቸው ይወስናሉ።

የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በየሦስት ወሩ የሚታደሰው «ኮንትራት» ላይ ነው። ሥራው የማያቋርጥ ከሆነ ወረቀቱ የተወሰነ ጊዜ ቢልም ሕጉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የታደሱትን ውሎች ሁሉ ማስቀመጥ ያዋጣል።

መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አያልፍም። ወር ደመወዙ 6,240 ብር የሆነ ሠራተኛ፣ በወር ላሉት 208 መደበኛ ሰዓቶች ሲካፈል፣ የሰዓቱ ዋጋ 30 ብር ይሆናል። ከጥዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ከሠራ በ1.5 ተባዝቶ 45 ብር ያገኛል፤ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 በ1.75 ተባዝቶ 52.50፣ በሳምንት ዕረፍቱ በ2 ተባዝቶ 60፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ 75 ብር። ፔሮሉ ላይ ሁሉም በአንድ «ትርፍ ሰዓት» መስመር ተጠቃሎ ከመጣ ስሌቱን መጠየቅ ይገባል፤ የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ የሌሊቱ ነው። አዋጁ የዝቅተኛ ደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል እንጂ በራሱ ያስቀመጠው የብር መጠን የለም።

የዓመት ዕረፍት በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች፤ አባት ደግሞ 3 ቀን። ሕመም ላይ የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ ይከፈላል፤ ቀሪው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው።

ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚቻለው ሕጉ በዘረዘራቸው ጥፋቶች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን የቀረ ሠራተኛ። አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀን ካለፈ መብቱ ይቀራል። በማስጠንቀቂያ ሲሆን ጊዜው እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ እስከ ዘጠኝ ዓመት 2 ወር፣ ከዚያ በላይ 3 ወር ነው።

መብቶች በብዛት የሚጠፉት ግን በይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለክስ የሰጠው ጊዜ በማለፉ፣ ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ሦስት ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ስድስት ወር ብቻ አለው። «ሥራ አስኪያጁ ይመልስሃል ብሏል» የሚለው የካቦ ተስፋ ይርጋውን አያቆመውም። አሠሪው የሠራተኛውን መብት ማመኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ወይም ለከተማው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቀረበ አቤቱታ ግን ያቋርጠዋል። አቤቱታው ሲቀርብ የገባበት ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂ ይያዝ። ሠራተኛ ለፍርድ ቤት የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም።

ስንብት ሲሆን ያልተከፈለው ሁሉ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ክሊራንሱን ሠራተኛው ራሱ፣ ንብረት ሳይመልስ፣ ካዘገየው ጊዜው ይራዘማል፤ የአሠሪው ቢሮ ካዘገየው ግን ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊያስከፍለው ይችላል።