የባሕር ቀለም ምንድን ነው? ዓሣ አይደለም

«ሳተላይቱ ዓሣውን ከሰማይ ያየዋል፤ መርከቡ ሄዶ ያፍሰዋል።» አንድ አስተያየት ሰጪ የጻፈው ነው፤ ደግሞ ደጋግሞታል።

አያየውም። የሚለካው ከውሃው ተመልሶ የሚወጣውን ብርሃን ነው። ክሎሮፊል፣ ማለትም ተክልን አረንጓዴ የሚያደርገው ንጥረ ነገር፣ ሰማያዊውን ብርሃን (የሞገድ ርዝመቱ 443 ናኖሜትር አካባቢ) ይውጣል፣ አረንጓዴውን ግን ብዙም አይነካውም። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ውሃው ውስጥ ያለው ፋይቶፕላንክተን፣ ማለትም በዓይን የማይታየው የባሕር ተክል፣ መጠኑ ይገመታል። የባሕር ቀለም ማለት ይኸው ነው።

ጅማ ዞን፣ ጎማ ወረዳ ላይ ከአንድ ኮረብታ ቁልቁል ተመልከቱ። የሚታየው የሰሳውና የዋንዛው ቅጠል ነው፤ ቡናው ከጥላው ሥር ነው። አረንጓዴ ስላየ ብቻ «ዘንድሮ ይህን ያህል ኩንታል ይለቀማል» የሚል ነጋዴ ጅማ ውስጥ አይገኝም። ባሕር ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ቡናው ቢያንስ ከቦታው አይነቃነቅም። ፋይቶፕላንክተኑን ጥቃቅን እንስሳት ይበሉታል፣ እነሱን ትንንሽ ዓሦች፣ ትንንሾቹን ቱና። ይህ እስኪሆን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ያልፋሉ፤ ውሃውም በባሕር ጅረት ተወስዷል።

ስለዚህ ዓሣ አጥማጅ የሚፈልገው በጣም አረንጓዴ የሆነውን ቦታ ሳይሆን ጠርዙን ነው፦ አረንጓዴው ከሰማያዊው የሚገናኝበትን፣ የውሃው ሙቀትም በጥቂት ኪሎሜትር ውስጥ የሚለወጥበትን። ሃይደራባድ ያለው የህንድ የውቅያኖስ መረጃ ማዕከል ሁለቱን አጣምሮ ከወደቡ ያለውን ርቀት፣ አቅጣጫና ጥልቀት ለአጥማጆች ይነግራል። የት እንደሚፈለግ እንጂ ስንት ኪሎ እንደሚያዝ አይልም።

የቀኑን ነገርም እዩ። ደመና ይህን ብርሃን ይጋርዳል። የሶማሊያ ዳርቻ ቀዝቃዛና ለም ውሃ ከታች የሚያወጣው በእኛ ክረምት፣ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ሲበረታ ነው፤ የአረብ ባሕር በደመና የሚሸፈነውም ያኔ ነው። ክፍተቱን ለመሙላት የ8 ቀን ምስሎች በአንድ ይደመራሉ። ለጥናት ጥሩ ነው፤ በእሱ ጀልባ የሚመራ ግን ትናንት የፈረሰ ጠርዝ ላይ መረብ ይጥላል።

ቁጥሩም ቢሆን ግምት ነው። ክፍት ባሕር ላይ ሳተላይቱ ዘንድ ከሚደርሰው ብርሃን 90 በመቶ ያህሉ ከአየሩ የተበተነ ስለሆነ ተቀንሶ መውጣት አለበት። ክሎሮፊሉን በ35 በመቶ ስሕተት ውስጥ መገመት እንደ ጥሩ ውጤት ይቆጠራል።

ዳርቻ ላይ ይህም አይሠራም። ለውቅያኖስ የተሠራውን ቀመር ክረምት ላይ ጭቃ በገባበት የግልገል ጊቤ ሐይቅ ላይ ብትሞክሩት ደለሉን ክሎሮፊል ነው ይላችኋል፤ ደለልም ሰማያዊውን ይውጣልና። ወንዝ በሚገባበት ዳርቻ ካርታው ደምቆ ከታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጭቃ ነው።