ጥራት ያለው የዌብካም ቀጥታ ስርጭት፦ ምስል፣ ብርሃንና ድምፅ

የዌብካም ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1991 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ካሜራው የተተከለው ተመራማሪዎቹ ቡና ሳይኖር በከንቱ እንዳይመላለሱ፣ የቡና ማፍያውን እንዲያሳያቸው ነበር። ምስሉ ቀለም የለውም፤ መጠኑም 128 በ128 ፒክስል ብቻ ነበር። ዛሬ ርካሽ የሚባለው ዌብካም እንኳ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ምስሉ ለምን ይበላሻል? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የብርሃን ነው።

የዌብካም ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) በጣም ትንሽ ነው። ክፍሉ ሲጨልምበት ያገኘውን ደካማ ብርሃን በግድ ያጎላዋል። ያኔ ፊት ላይ እንደ አሸዋ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ይመጣል። አንዳንዱ ካሜራ ደግሞ ብርሃን ለመሰብሰብ ሲል በሰከንድ ከ30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ወደ 15 ይወርዳል፤ እጅ ሲንቀሳቀስ ምስሉ ይጎተታል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ቪዲዮ የሚታመቀው ከፍሬም ወደ ፍሬም ያልተለወጠውን እየዘለለ ነው። ያ አሸዋ ግን በየፍሬሙ ይለዋወጣል። ስለዚህ ኢንተርኔቱ ፊትን ትቶ አሸዋ ሲያጓጉዝ ይውላል። «ኔትወርኩ ነው» እየተባለ የሚታማው ድብዝዝ ምስል አንዳንዴ መድኃኒቱ አንድ አምፖል ነው።

መስኮት ካለ ፊትን ወደ እሱ ማዞር ይበቃል፤ ከኋላ ከሆነ ፊት ይጠቁራል። መብራት ሲሆን ከካሜራው ጎን በ45 ዲግሪ ግድም፣ ከዓይን ትንሽ ከፍ ይደረጋል። ነጭ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ሲመጣ ጥላው ይለሰልሳል። የመስኮት ብርሃንና ቢጫ አምፖል ከተቀላቀሉ ግን የፊት ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካናማ ይሆናል። ምስሉ ላይ የሚንሸራተት መስመር ከታየ፣ የካሜራውን ሴቲንግ እንደየአገሩ መብራት ኃይል 50 ወይም 60 ሄርዝ ላይ ማድረግ ነው።

ተመልካች ደብዛዛ ምስል ይታገሳል፤ የማይሰማ ንግግር ግን ቶሎ ያባርረዋል። ማይክ ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ጥሩ ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የተናጋሪው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን እንዳለ ይቀራል። ራቅ ብሎ በላፕቶፕ ማይክ የሚያወራ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ያለ የሚመስለው ለዚህ ነው። ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ማስተጋባቱን ይውጡታል። ማይኩ ከአፍ ትንሽ ወደ ጎን ሲል ደግሞ «ፓ» እና «ፖ» ሲባል የሚወጣው ትንፋሽ አይመታውም። እንግዳ ካለ፣ ድምፁ ከስፒከር ወጥቶ ተመልሶ ማይክ ውስጥ እንዳይገባ ሁሉም ኢርፎን ያድርግ።

የምስሉ ቁመት 1080 ፒክስል ለሆነ ስርጭት አፕሎዱ (ወደ ኢንተርኔት የመላኪያው ፍጥነት) በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ሜጋቢት፣ ከዚያም ትርፍ ይፈልጋል። ኬብል ከዋይፋይ ይታመናል። ካልበቃ ሳያቅማሙ ወደ 720 ማውረድ ነው። ላይቭ ከመግባት በፊት አንድ ደቂቃ ቀድቶ በኢርፎን ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ ጆሮ የለመደው የፋን ጩኸት የሚሰማው ያኔ ነው።