ለፑል ስቲክ ርካሽ የቆዳ ጫፍ አመራረጥ

በፑል ስቲክ ላይ ነጯን ኳስ የምትነካው ብቸኛ ነገር ጫፉ ላይ የተለጠፈች፣ ከሸሚዝ ቁልፍ እምብዛም የማትበልጥ ክብ ቆዳ ናት። ንክኪው የሚቆየው 1 ሺኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ኳሷ ፍጥነቷንም፣ አቅጣጫዋንም፣ ሽክርክሪቷንም የምትቀበለው በዚያች ቅጽበት ነው። መንገድ ዳር በሸራ ጥላ ሥር በተዘረጋ ጠረጴዛም ሆነ በትልልቅ ፑል ቤቶች፣ ተጫዋቹ ስቲክ ሲመርጥ ጠረጴዛው ላይ አንከባሎ መጣመም አለመጣመሙን ያያል፤ ክብደቱንም በእጁ ይመዝናል። ጫፉን ቀና አድርጎ የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። ስቲኩ የቱንም ያህል ቀጥ ቢል ቆዳው ካለቀ ዋጋ እንደሌለው በደንብ የሚያውቀው፣ የመጨረሻዋን ጥቁር ኳስ ሊያስገባ ሲል ያዳለጠው ሰው ነው።

ቆዳ ከመምጣቱ በፊት የስቲክ ጫፍ ባዶ እንጨት ነበር። ባዶ እንጨት ኳሷን ከመሃሏ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ከመታት ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ተጫዋቾች መሃል መሃሏን ከመምታት የተሻለ ምርጫ አልነበራቸውም። ጫፉ እንዲይዝላቸው በኖራ ግድግዳ ላይ የሚያሹትም ነበሩ። የቆዳ ጫፍ ፈጣሪ ተብሎ የሚጠቀሰው ፍራንስዋ ሜንጎ የተባለ የፈረንሳይ እግረኛ ጦር ሻምበል ነው። በፖለቲካ ምክንያት በታሰረበት ወህኒ ቤት ቢሊያርድ ይጫወት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1807 ቆዳውን ጫፉ ላይ አድርጎ ኳሷን ወደ ኋላ መመለስና ወደ ጎን ማዞር እንደቻለ ይነገራል። የእስር ጊዜው ሲያበቃ ልምምዱን እስኪጨርስ ትንሽ እንዲያቆዩት ጠየቀ የሚል ወሬም አብሮት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ትልቁ እርምጃ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ዊልያም ስፒንክስ የተባለ አሜሪካዊ ተጫዋችና ዊልያም ሆስኪንስ የተባለ ኬሚስት ቆዳው እንዳያዳልጥ የሚቀባበትን፣ ዛሬ በየጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የምናየውን ሰማያዊ ኩብ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጡበት። ጠመኔ እንለዋለን እንጂ ዋናው ይዘቱ የትምህርት ቤቱ ጠመኔ ሳይሆን ሲሊካና እንደ ሞረድ የሚፍቅ ደቃቅ ማዕድን ነው። ቆዳውና ጠመኔው ተነጣጥለው አይሠሩም፤ ጠመኔ የማይዝ ቆዳ ከእንጨት ብዙም አይሻልም።

ቆዳ መምረጥ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ብዙ ተጫዋች ለስላሳ ቆዳ ብዙ ሽክርክሪት ይሰጣል፣ ጠንካራ ቆዳ ደግሞ አይሰጥም ብሎ ያምናል። ሽክርክሪትን በዋናነት የሚወስነው ግን ኳሷ ከመሃሏ ምን ያህል ርቃ እንደተመታች ነው። የፑል ኳስ ዲያሜትር 57 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከመሃሏ ወደ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ከራቁ በኋላ የትኛውም ቆዳ ማዳለጥ ይጀምራል። ለስላሳው ጠመኔ ደህና አድርጎ ይይዛል፣ ድምፁም ረገብ ያለ ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ይጠፈጠፋል፣ ደጋግሞ መሞረድም ይፈልጋል። ጠንካራው ቅርጹን ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል፤ ሆኖም ፊቱ እንደ መስታወት ስለሚወለውል በየጊዜው መቧጨር አለበት። ብዙ ሰው የሚስማማው መካከለኛው ነው፤ እኔም ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው።

በገበያ ላይ ያሉት የቆዳ ጫፎች በአሠራር ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ከአንድ ወጥ ቆዳ ተቆርጠው የተጨመቁ ናቸው። ኤልክ ማስተር ለስላሳው ነው፤ «ለ ፕሮፌሽናል» (Le Professional)፣ በአጭሩ «ለ ፕሮ» የሚባለው፣ መካከለኛ ወደ ጠንካራ ያጋደለ ነው፤ ትራያንግል ደግሞ ጠንካራው ነው። እነዚህ ብዙውን ጊዜ 50 ፍሬ በያዘ ሣጥን ስለሚሸጡ የአንዱ ዋጋ ከአንድ ዶላር ብዙም አይርቅም። ሁለተኛዎቹ ስስ የቆዳ ንጣፎች ተደራርበውና በማጣበቂያ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፤ የጃፓኖቹ ሙሪና ካሙይ፣ የአሜሪካው ታይገር ከዚህ ወገን ናቸው። አንዱ ፍሬ ብቻ 20 ዶላርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል።

ታዲያ ያ ሁሉ ልዩነት ለምንድነው የሚከፈለው? በእኔ እምነት ለወጥነት ነው። ተደራራቢው ቆዳ ዛሬ የገዙትና ከስድስት ወር በኋላ የሚገዙት ተመሳሳይ እንዲሆኑ ተደርጎ የተሠራ ነው። ወጥ ቆዳ ግን እንስሳው እንደሰጠው ነው፤ ከአንድ ሣጥን ውስጥ አንዱ እንደ ድንጋይ፣ አንዱ እንደ ቡሽ ሊሆን ይችላል። ይህ የርካሹ ቆዳ ትልቁ ድክመት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ሣጥኑን ይከፍቱና ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ከስንዝር ከፍታ እምነ በረድ ወይም ሴራሚክ ላይ ይጥሏቸዋል። ጠንካራው ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ሰጥቶ ይነጥራል፤ ለስላሳው ድፍን ድምፅ አሰምቶ ባለበት ይቀራል። በድምፃቸው በሦስት ክምር ከለዩዋቸው በኋላ መካከለኞቹን ለራስ ስቲክ፣ ጠንካሮቹን ለመክፈቻ ምት ማስቀመጥ ነው። ስንጥቅ ያለባቸው ወይም ውፍረታቸው ያልተስተካከለ ካሉ ሳይቆጩ መጣል ነው፤ 50 ፍሬ የገዛ ሰው አምስቱን ቢጥል አልከሰረም።

ኤልክ ማስተርን በወተት የማከም ልማድም አለ። ፍሬዎቹን ለአንድ ቀን ያህል ወተት ውስጥ ዘፍዝፎ፣ በሞርሳ አጥብቆ ጨምቆ፣ እስኪደርቅ መተው ነው። ከሞርሳው ሲወጣ ቆዳው ከበፊቱ የሳሳና የጠጠረ ይሆናል፤ ለስላሳ የነበረው ወደ መካከለኛነት ይጠጋል፣ እንደ እንጉዳይ ወደ ጎን መስፋቱም ይቀንሳል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ሽታውም ደስ አይልም፤ በርካሽ ቆዳ ላይ ውጤቱን የሚያወድሱ ተጫዋቾች ግን ብዙ ናቸው።

ስለ ቆዳው ምንጭ አንድ ነገር መነሳት አለበት። ከተደራራቢዎቹ ውስጥ ስመ ጥሮቹ፣ ካሙይን ጨምሮ፣ ከአሳማ ቆዳ የሚሠሩ ናቸው። አሳማ በእጁ መንካት የማይፈልግ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን ተጫዋች ከመግዛቱ በፊት ይህን ቢያውቅ መልካም ነው። አገራችን ራሷ በቆዳ የታወቀች ናት፤ የኢትዮጵያ በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት ተፈላጊ ነው። ለስቲክ የሚያስፈልገው ግን ወፍራምና ጥቅጥቅ ብሎ የተጨመቀ ቆዳ ነው። ከጫማ ሶል ቆርጦ መለጠፍም ለጊዜው ያጫውታል፤ ግን ለዚህ ሥራ ተብሎ ስላልተጨመቀ ጥቂት ጠንከር ያሉ ምቶች ሲያርፉበት ይረግባል፣ ጠመኔም አይዝም።

በመጠን በኩል የፑል ስቲክ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ነው። የስኑከር ስቲክ ቀጭን ነው፣ ከ9 እስከ 10 ሚሊ ሜትር። የዓለም አቀፉ የፑል ማኅበር ደንብ የጫፉን ስፋት ከ14 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይገድባል። ሲገዙ ከስቲኩ ጫፍ በትንሹ ሰፋ ያለውን መውሰድ ይሻላል፤ ትርፉ በምላጭ ይስተካከላል፣ የጠበበው ግን አይሰፋም። በብሎን የሚታሰሩና እንደ ቆብ የሚጠለቁ የፕላስቲክ መያዣ ያላቸው ጫፎች ለመቀየር ቀላል ናቸው፤ ነገር ግን ቶሎ ይላላሉ፣ ሲመቱም ይንቀጫቀጫሉ። ርካሽነታቸው አያታልል፤ በማጣበቂያ የሚለጠፈው ሁልጊዜ ይበልጣል። ለመክፈቻ ምት ብቻ ተብለው ፌኖሊክ ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠሩት ጫፎች ቆዳ አይደሉም፤ ለዕለታዊ ጨዋታ አይሆኑም።

ጥሩ ቆዳ በመጥፎ አለጣጠፍ ይበላሻል፤ ርካሽ ቆዳም በጥንቃቄ ከተለጠፈ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። አሮጌው በምላጭ ከተነሳ በኋላ ከሥሩ ያለው ነጭ ቀለበት ላይ የቀረው ማጣበቂያ በብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል። የቀለበቱ ፊት ፍጹም ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ስቲኩን በእጅ ይዞ ከማሸት ይልቅ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አንጥፎ ጫፉን ቀጥ አድርጎ ማዞር ይሻላል። የአዲሱ ቆዳ ሥርም ልሙጥነቱ እስኪጠፋ በዚያው ወረቀት ይፋቃል። ከዚያ ወፈር ያለ ሱፐር ግሉ አንድ ጠብታ፣ መሃል ለመሃል ማሳረፍ፣ ስቲኩን ገልብጦ በክብደቱ ለአንድ ደቂቃ ያህል መጫን። ቀጭኑ ሱፐር ግሉ ወደ ቆዳው ውስጥ ሰርጎ እንደ ድንጋይ ያደርቀዋል፤ ስለዚህ አይመከርም። ለመቁረጥ ከመቸኮል ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይበጃል።

ትርፉን ለመቁረጥ ስቲኩን ገልብጦ ቆዳውን ጣውላ ላይ ማሳረፍና በአዲስ ምላጭ ከላይ ወደ ታች በትንሽ በትንሹ መላጥ ነው። የነጩን ቀለበት ጠርዝ ላለመፋቅ እጅ መርጋት አለበት። አናቱ ጉልላት እንዲይዝ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል፤ ልኩ በአሜሪካ ሳንቲም ይነገራል፣ የኒኬል ወይም ከእሱ ጠበብ ያለው የዳይም ክብ ጠርዝ ከጉልላቱ ጋር ሲገጥም በቂ ነው። መጨረሻ ላይ ጎኑን በምራቅ ወይም በውኃ ትንሽ አርጥቦ በወፍራም ወረቀት እስኪሞቅ ማሸት ቆዳውን ያጠብቀዋል፤ ወደ ጎን የመተርተር ዕድሉም ይቀንሳል።

ብዙ ስቲክ ላለው ፑል ቤት ከሁሉም የሚያዋጣው መካከለኛ ወጥ ቆዳ በሣጥን መግዛት ነው። ሣጥኑ ኪስ ውስጥ የሚገባ ስለሆነ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ለሚመጣ ዘመድ እንኳ ሸክም አይሆንም። አዲስ ቆዳ ሲለጠፍ ከፍታው 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ እየተሞረደ ከፍታው የሳንቲም ውፍረት ሲያክል፣ ወይም ጠርዙ ከነጩ ቀለበት ጋር እኩል ሊሆን ሲል፣ መቀየር አለበት። ከዚያ በታች ከተተወ ምቱ የሚያርፈው ቀለበቱ ላይ ይሆናል፤ እሱ ከተሰነጠቀ የጥገናው ዋጋ ከሙሉ ሣጥን ቆዳ ሊበልጥ ይችላል።